ከገጽ ወደ ገጽ የሚጠፋው መልስ፦ የሴሽን ማከማቻ የጥናት ዘዴ ጉዳይ ስለ መሆኑ

በበይነ መረብ በተሰራጨ መጠይቅ ላይ የተመሠረቱ የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ መጠይቁ አዘገጃጀት ብዙ ይላሉ። ጥያቄዎቹ በእነማን እንደተገመገሙ፣ ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ፣ የቅድመ ሙከራው ውጤት ምን እንደነበረ በዝርዝር ያትታሉ። መልሱን ስለተቀበለው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል፤ መጠይቁ በፓይተን በተሠራ ድረ ገጽ አማካይነት መሰራጨቱን የሚገልጽ። ምላሽ ሰጪው የመጀመሪያውን ገጽ ሞልቶ «ቀጥል» የሚለውን ከተጫነበት ቅጽበት አንሥቶ የመጨረሻውን ገጽ እስኪያስረክብ ድረስ መልሶቹ የት እንደቆዩ፣ በምን መልክ እንደተቀመጡ፣ ሲመለሱም እንደገቡት ሆነው መመለሳቸውን ማን እንዳረጋገጠ አይነገርም። ፈታኙ አይጠይቅም፤ ተማሪውም አይመልስም።

ለዚህ ዝምታ የሚቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው። የሴሽን ብልሽት የፕሮግራመር ጣጣ እንጂ የተመራማሪ ጉዳይ አይደለም ይባላል። መልሶች የሚጠፉት በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል በከፊል ያስኬድ ነበር፤ ናሙናው ያንሳል እንጂ አይዛባም። ችግሩ ሴሽን በዘፈቀደ የማይበላሽ መሆኑ ነው። ረጅም የጻፈውን ከአጭር ጻፊው፣ በአማርኛ የመለሰውን በእንግሊዝኛ ከመለሰው፣ በጳጉሜን የሞላውን በኅዳር ከሞላው ለይቶ ይጥላል። እንዲህ ያለ መጥፋት በስታቲስቲክስ መዛባት ይባላል፤ የሚመለከተውም የጥናቱን ዘዴ ነው።

ከሥሩ ለመነሣት፣ ድረ ገጾች የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ በተፈጥሮው ዘንጊ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቀው እንግዳ ያስተናግዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን የፈጠረው ይህን ዝንጋታ ለማካካስ ነበር፤ ሰርቨሩ ትንሽ ጽሑፍ ለብሮውዘሩ ይሰጣል፣ ብሮውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ያሳያል። ሴሽን የሚባለው በዚህ ላይ የተገነባ ማስታወሻ ሲሆን፣ በፓይተን ዓለም በስፋት የሚሠራባቸው ሁለት ፍሬምወርኮች በነባሪ ቅንብራቸው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይይዙታል። ጃንጎ ለብሮውዘሩ የሚሰጠው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ይዘቱ በዳታቤዝ ይቀመጣል። ፍላስክ ግን ይዘቱን በሙሉ ኩኪው ውስጥ አስገብቶ፣ ፈርሞበት፣ ለብሮውዘሩ ያስረክባል። ተማሪዎች ፍላስክን የሚመርጡት ቀላል ስለሆነ ነው፤ ቀላልነቱ ግን ይህን ውሳኔ ከዓይን ይሰውረዋል።

አምስት ገጽ ያለው፣ በየገጹ አንድ ሁለት ክፍት ጥያቄ የያዘ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚሞላ መጠይቅ ይታሰብ። ሠሪው የየገጹን መልስ በሴሽን እያጠራቀመ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ወደ ዳታቤዝ ይጽፋል። አሠራሩ በብዙ መማሪያ ጽሑፎች የሚገኝ ነው። ነገር ግን ኩኪ 4 ኪሎባይት ገደማ ጣሪያ አለው፤ የፍላስክ መሠረት የሆነው ወርክዙግ በነባሪው 4,093 ባይትን ወሰን አድርጎ ይዟል። አሁን አንድ የግእዝ ፊደል ወደዚያ ኩኪ ሲገባ ምን እንደሚሆን መከታተል ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የፓይተን ጄሰን ሞጁል ግን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ከአስኪ ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ በማምለጫ ምልክት ይተካዋል፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት፣ አንድ የላቲን ፊደልና አራት አኃዞች፣ በድምሩ ስድስት ባይት። ይህ ደግሞ ለኩኪ እንዲስማማ በቤዝ64 ሲጻፍ በሲሶ ያድጋል። ስለዚህ አንድ «ሀ» ስምንት ባይት ሆናለች ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በዚሁ መንገድ አልፎ አንድ ባይትና ሲሶ ብቻ ይሆናል።

በዚህ ስሌት ኩኪው 3,000 ገደማ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ሲሸከም፣ የአማርኛውን ግን 500 ገደማ ላይ ይሞላል። ይህም ከመቶ ቃላት ብዙም የማይርቅ፣ አንድ አንቀጽ መሆኑ ነው። እርግጥ ነው፣ ፍላስክ ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን የሚጨምቅበት ስልት ስላለው በተግባር ከዚህ የበለጠ ይገባል፤ የአማርኛ ቃልም በፊደል ቁጥር ከእንግሊዝኛው ያጥራል። ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ጣሪያው ሲታለፍ የሚሆነው ነው። ሰርቨሩ በሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ስሕተት አያነሣም። ብሮውዘሩ የተላከለትን ትልቅ ኩኪ ሳይቀበል ቀርቶ የቀድሞውን ይዞ ይቀጥላል። ለምላሽ ሰጪው ገጹ ያለ እንከን ያልፋል፤ በዳታቤዙ ግን የገጽ አንድና ሁለት መልስ ተሞልቶ የቀሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተመራማሪውም ባዶውን ቦታ ሲያይ ምላሽ ሰጪው እንደሰለቸ ይገምታል፤ እውነቱ ግን ብዙ የሚናገረው የነበረው ያ ሰው መሆኑ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያነጻጽር ጥናት ቢሆን፣ የአማርኛ ምላሾች አጭርና ጎደሎ ናቸው የሚል ግኝት ከዚሁ ሊወለድ ይችላል።

ስለዚሁ ኩኪ ሌላም መባል ያለበት አለ። ፊርማ ምስጢር አይደለም። ፍላስክ በኩኪው ላይ የሚያደርገው ፊርማ ይዘቱ እንዳይለወጥ እንጂ እንዳይነበብ አያደርግም፤ ቤዝ64ን የሚገልጥ ሁሉ ያነበዋል። ስለ ጤና ወይም ስለ ገቢ የሚጠይቅ መጠይቅ በቤተ መጻሕፍት የጋራ ኮምፒውተር ላይ ተሞልቶ ከሆነ፣ መልሱ ብሮውዘሩ እስኪዘጋ ድረስ በዚያው አለ። በስምምነት ቅጹ ላይ የተሰጠው የምስጢራዊነት ቃል ይህን አላሰበም።

ሁለተኛው የችግር ምንጭ ኦብጀክትን ወደ ተከታታይ ባይቶች መለወጥ፣ ማለትም ሲሪያላይዜሽን ነው። በሜሞሪ ውስጥ ያለ ኦብጀክት እንዳለ ወደ ዳታቤዝ ወይም ወደ ኩኪ አይገባም፤ ተፈትቶ መጻፍ፣ ሲነበብም እንደገና መገጣጠም አለበት። ፓይተን ለዚህ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉት። ጄሰን የሚያውቀው ቁጥር፣ ስትሪንግ፣ እውነትና ሐሰት፣ ባዶ፣ ሊስትና ዲክሽነሪ ብቻ ነው። ፒክል ግን ማንኛውንም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይቀበላል፤ ክፍት ፋይልን፣ የዳታቤዝ ግንኙነትንና የክር መቆለፊያን የመሳሰሉትን ብቻ አልቀበልም ይላል።

በዚህ ጉዳይ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ «መድኃኒት» አለ። በጃንጎ ሴሽን ውስጥ የዴሲማል ቁጥር ወይም ቀን ሲቀመጥ ፍሬምወርኩ ይህ ዓይነት ወደ ጄሰን አይለወጥም ብሎ ይቆማል፤ ተማሪውም ሲሪያላይዘሩን ወደ ፒክል ይለውጥና ስሕተቱ ይጠፋል። ይህ ሕመሙን ትቶ ጩኸቱን ማፈን ነው። ፒክል የሚጽፈው እሴትን ሳይሆን እሴቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን መመሪያ ነው፤ ክላሱንም የሚያስታውሰው በሞጁሉና በስሙ ነው። ተማሪው በአማካሪው አስተያየት መሠረት ኮዱን አስተካክሎ የሞጁሉን ስም በለወጠ ማግሥት፣ ትናንት የተጀመሩት ሴሽኖች ሁሉ ክላሳቸውን ፈልገው ያጡታል። ከዚህም የከፋው፣ መመሪያ የሚያነብ ሰርቨር የማንንም መመሪያ ሊፈጽም መቻሉ ነው። የፓይተን ሰነድ ራሱ ፒክል ካልታመነ ምንጭ እንዳይነበብ ያስጠነቅቃል። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 1.6 ነባሪውን ከፒክል ወደ ጄሰን የለወጠው፣ በ2023 በወጣው 5.0 ደግሞ የፒክል ሲሪያላይዘሩን ጨርሶ ያስወገደው በዚህ ሥጋት ነው። ፍላስክም በዚያው በ2013 በ0.10 ወደ ጄሰን ተሻግሯል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ፓይቶርች እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣው 2.6 የሞዴል ፋይል ሲጫን ከክብደቶቹ ውጭ ሌላ እንዳይነበብ በነባሪነት የከለከለው ያው ፒክል ከበስተ ጀርባ ስላለ ነው።

ለፒክል የሚቆረቆሩ ወገኖች አንድ እውነት አላቸው። ጄሰን ድሃ ነው፤ አንዳንዴም ጸጥ ብሎ ይለውጣል። ቱፕል ገብቶ ሊስት ሆኖ ይወጣል። ዲክሽነሪ በቁጥር ቁልፍ ገብቶ በስትሪንግ ቁልፍ ይመለሳል፤ ስለዚህ በጥያቄ ቁጥር 3 የተቀመጠው መልስ በሚቀጥለው ገጽ በ3 ሲፈለግ የለም፣ በ«3» ሲፈለግ ግን አለ። ኮዱ የጎደለውን እንደ ባዶ እንዲቆጥር ተደርጎ ከተጻፈ ማንም ሳያውቅ መልሱ ባዶ ሆኖ ይመዘገባል።

በዚህ ላይ ጃንጎ የሚጨምረው ወጥመድ ከሁሉ ይልቅ ለመያዝ ያስቸግራል። ሴሽን በካሽ ሲቀመጥ በቅንብሩ የተመረጠው ሲሪያላይዘር አይሠራም፤ ካሹ የሴሽኑን ዲክሽነሪ በራሱ መንገድ፣ በተለመዱት የካሽ ዓይነቶችም በፒክል፣ ያስቀምጠዋል። ካሽንና ዳታቤዝን ያጣመረው አማራጭ ደግሞ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ በካሹ ያለው በፒክል፣ በዳታቤዙ ያለው በጄሰን የተጻፈ ነው። ካሹ ውስጥ እስካለ ድረስ የቁጥሩ ቁልፍ ቁጥር ነው፣ ቱፕሉም ቱፕል ነው። ካሹ ሞልቶ ወይም ሰርቨሩ ተነሥቶ ያ ቅጂ ሲጠፋ፣ ከዳታቤዙ የሚነበበው ሌላ መልክ ያለው ነው። ብልሽቱ በተማሪው ላፕቶፕ አይታይም፤ በቅድመ ሙከራ በአሥር ሰው አይታይም፤ ምላሽ ሰጪዎች በበዙበት ቀን ብቻ ይከሠታል።

የመጻፍ ነገርም አለ። ጃንጎም ሆነ ፍላስክ ሴሽኑ መለወጡን የሚያውቁት በላይኛው ደረጃ ያለ ቁልፍ ሲነካ ነው። «መልሶች» በሚባል ቁልፍ ሥር ያለ ዲክሽነሪ ውስጥ አዲስ መልስ ቢጨመር፣ ፍሬምወርኩ ምንም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ሳይጽፍ ያልፋል፤ ሴሽኑ ተለውጧል ተብሎ በግልጽ ካልተነገረው በቀር። በዚያው ጥያቄ ውስጥ ግን መልሱ እንዳለ ይታያል፤ ሌላ ላይኛ ቁልፍ በአጋጣሚ ከተነካም አብሮ ይጻፋል። ስለዚህ ሠሪው አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ አይሠራም ብሎ ይናገራል፤ የሚያዳምጠውም ኔትወርኩን ይጠረጥራል። አብዛኛው የሴሽን ብልሽት «አልፎ አልፎ» የሚል ስም የሚያገኘው መንስኤው አልፎ አልፎ ስለሚኖር ሳይሆን ዘወትር ያለው መንስኤ አልፎ አልፎ ስለሚሸፈን ነው።

የቀን ጉዳይ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ጄሰን ቀን የሚባል ዓይነት የለውም፤ ቀን እንደ ስትሪንግ ይጻፋል። ምላሽ ሰጪው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሞላው ቀን «2017-13-03» ተብሎ ሴሽን ውስጥ ቢገባና በሚቀጥለው ገጽ በፓይተን የቀን ክላስ ቢነበብ፣ ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት የሚል ስሕተት ይነሣል፤ ፓይተን ጳጉሜንን አያውቅምና። ጥቅምት 30ም እንዲሁ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ወር በፓይተን ዘንድ ፌብሩዋሪ ነው። እነዚህ ግን የታደሉት ስሕተቶች ናቸው፣ ይጮኻሉና። መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም. «2017-01-15» ተብሎ ሲገባ ፓይተን ያለ ምንም ማንገራገር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2017 አድርጎ ይቀበለዋል። የልደት ቀን ቢሆን፣ ዕድሜው ከዛሬው የፈረንጅ ቀን ተቀንሶ ሲሰላ የሃያ ሰባት ዓመቱ ወጣት ሠላሳ አራት ወይም ሠላሳ አምስት ሆኖ ትንተናው ውስጥ ይገባል። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ስትሪንጉ አይናገርም፤ የሚያውቀው የጻፈው ኮድ ብቻ ነበር።

ሰዓትም ከዚህ አያመልጥም። ፍላስክ ከተራው ጄሰን ይልቅ ጥቂት ተጨማሪ ዓይነቶችን የሚያውቅ ቅርጽ ይጠቀማል፤ ቀንና ሰዓትንም ይመልሳል። ሆኖም የሰዓት ቀጣና ያልተጻፈበትን ጊዜ የዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል። በአዲስ አበባ ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር የመጠይቁን መጀመሪያ እንዲህ መዝግቦ፣ መጨረሻውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ለክቶ ቢቀንስ፣ ምላሽ ሰጪው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የጨረሰ ይመስላል። አሉታዊ ጊዜ ያላቸውን ረድፎች «ያልተሟሉ» ብሎ የሚሰርዝ ተንታኝ ምን እንደሰረዘ አያውቅም።

ስለ ቁልፍና ስለ ሰርቨር ብዙ ማለት አያሻም፤ መንስኤዎቹ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የመፈረሚያው ምስጢር ቁልፍ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር በዘፈቀደ እንዲፈጠር ከተደረገ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የተጀመረው መጠይቅ ሁሉ ይጠፋል። በጉኒኮርን ሥር በርካታ ሠራተኛ ፕሮሰሶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁልፍ ከፈጠሩ፣ አንዱ የፈረመውን ሌላው አይቀበልም። ሴሽን በአንድ ፕሮሰስ ሜሞሪ ከተያዘም እንዲሁ ነው። በተቃራኒው ቁልፉ ቋሚ ሆኖ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ ኮዱ ደግሞ ለጥናቱ ግልጽነት ሲባል በአደባባይ ከተለቀቀ፣ ማንም የማንንም ሴሽን ፈርሞ ሊያቀርብ ይችላል። ግልጽነት የሚበረታታውን ያህል ቁልፍን ከኮድ መለየት አልተበረታታም።

እንግዲህ አቋሙ ይህ ነው፤ በጥናት መጠይቅ ሴሽን ውስጥ መቀመጥ ያለበት የምላሽ ሰጪው መለያ ቁጥርና የደረሰበት ገጽ ብቻ ነው። መልሱ በየገጹ በቀጥታ ወደ ዳታቤዝ ይጻፍ፤ ቀን ሲገባ ወዲያው ወደ አንድ አቆጣጠር ይለወጥ፣ የመጀመሪያው አጻጻፍም አጠገቡ ይቀመጥ። እንዲህ ሲሆን ጄሰን እምቢ የሚለው ነገር አይኖርም፤ እምቢ ካለም እምቢታው ኦብጀክት ወደማይገባበት ቦታ መግባቱን የሚጠቁም ምልክት እንጂ መሰናክል አይደለም።

ይህ አቋም ዋጋ ያስከፍላል። መልስ በየገጹ ከተጻፈ፣ መጠይቁን መሐል ላይ ጥሎ የወጣ ሰው ግማሽ መልስም ተመዝግቦ ይቀራል። ሰውየው ትቶ የወጣው ላለመሳተፍ ወስኖ ሊሆን ይችላል፤ በሴሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ አብሮት ይጠፋ ነበር። ስለዚህ የስምምነት ቅጹ ያልተጠናቀቀ መልስ ምን እንደሚደረግበት መናገር፣ ኮዱም ያንኑ መፈጸም አለበት። አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን በተመራማሪውና በሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት በግልጽ የሚወሰን አስቸጋሪነት ነው። 4,093 ባይት ላይ ሲደረስ ብሮውዘሩ በራሱ ከሚወስነው ይሻላል።

ጊዜ የለም የሚለው ተቃውሞም ይነሣል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሶፍትዌር ሊፈትሽ አልተመዘገበም። ፍተሻው ግን ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም። ወደ ሴሽን የሚገባውን እያንዳንዱን እሴት ወደ ጄሰን ለውጦ፣ መልሶ አንብቦ፣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን ማየት ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከዚያ መጠይቁን አንድ ጊዜ በእጅ መሙላት ይቀራል፤ ክፍት ጥያቄዎቹን በረጅም የአማርኛ አንቀጽ፣ ቀኑን በጳጉሜን 3፣ ሁለተኛውን ሙሌት በመስከረም 15። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ካሹን አጽድቶ ሰርቨሩን ማጥፋትና ማስነሣት፣ ቀጥሎም እስከ መጨረሻው መሙላት ነው። በመጨረሻም ዳታቤዙን ከፍቶ የተጻፈውን በወረቀት ከተያዘው ጋር ማስተያየት። የዚህ ፍተሻ ውጤት በጥናቱ የዘዴ ክፍል፣ ከቅድመ ሙከራው ውጤት ቀጥሎ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊሰፍር ይችላል፤ ፈታኙም በመከላከያው ቀን ሊጠይቅበት ይችላል።